ልብሱ ላይ የፈሰሰው የፋርማሲ አልኮል

የምስክር ቃል መቀበያ

ቦታ፦ ሐርጌሳ፣ ፖሊስ ጣቢያ
ቀን፦ ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.
የቃል ሰጪው ስም፦ ኸይሩ ሸምሱ ሙዘይን
ዕድሜ፦ 36
የትውልድ ቦታ፦ ወራቤ፣ ኢትዮጵያ
አድራሻ፦ ጋአን ሊባህ፣ የኪራይ ቤት
ሥራ፦ የአልሙኒየም በርና መስኮት ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቋንቋ፦ አማርኛ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ዓብዲቃኒ ፋራሕ
ጉዳዩ፦ የዓብዲከሪም ሳልዓድ አሟሟት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ኸይሩ ሸምሱ፣ በአላህ ስም ምዬ ያየሁትን እናገራለሁ። ሶማሊኛ እችላለሁ፤ የምሠራውም የምገበያየውም በሶማሊኛ ነው። ይህን ቃል በአማርኛ ልስጥ ብዬ የለመንኩት ስናደድ ሶማሊኛው ስለሚጠፋኝ ነው፤ ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ ንዴቴ አልበረደም። ሳጅን ዓብዲቃኒ ጅግጅጋ ያደጉ በመሆናቸው በአማርኛ ጽፈው ወደ ሶማሊኛ እንደሚመልሱት ነግረውኛል። ሲመልሱት እንዳያለሳልሱብኝ ለምኛቸዋለሁ።

ሟች ዓብዲከሪም ሳልዓድ ጓደኛዬ ነበር። የዚህ አገር ልጅ ቢሆንም ያደገው ድሬዳዋ ነው። እናቱ ሳህራ እዚያ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ እየሸጡ አሳደጉት፤ ኤሌክትሮኒክስ የተማረው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። አማርኛው የድሬ ልጅ አማርኛ ነው፤ «አቦ» ሳይል ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። የተዋወቅነው እኔ የምሠራበት ቤት የአልሙኒየም ቁርጥራጭ ሊለምን በመጣ ጊዜ ነው። «ለምንህ ነው?» ብለው «ማሽን አለኝ፣ ና ላሳይህ» አለኝ። በዚያው ወዳጅ ሆነን ቀረን። ከሥራ ስወጣ እሱ ዘንድ ሳልደርስ ቤቴ የገባሁበት ቀን ጥቂት ነው። አላህ ይርሐመው፤ «ነበር» እያልኩ ስለ እሱ ማውራት ገና አልለመደልኝም።

ማሽኗ ሲኤንሲ ትባላለች። በኮምፒውተር የተሣለላትን ቅርጽ እየተከተለች፣ ቢት በምንለው የሚሽከረከር መቁረጫ እንጨትና ፕላስቲክ የምትቀርጽ፣ ከምግብ ጠረጴዛ የማትበልጥ ነገር ናት። ከቻይና ተፈታትታ በካርቶን መጣች፣ ኮድቡር ሰፈር በተከራየው የጓሮ ክፍል ውስጥ ራሱ ገጣጠማት። ለትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የተሠራች ናት እንጂ የፋብሪካ ጉልበት የላትም። እሱ ግን አልሙኒየም ካላስቆረጥኳት ብሎ ሙጭጭ አለ። «ይቺ አህያ ናት፤ የግመል ጭነት አትጫንባት» እለው ነበር። «አቦ፣ አህያም ቀስ ብለህ ከጫንካት ታደርሳለች» ይለኛል። ደግሞም አደረሰችው። ወላሂ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አልሙኒየም ስቆርጥ የኖርኩት ሰውዬ ከእሱ እጅ የወጣውን እያየሁ እቀና ነበር።

አልኮሉ ለምን እንዳስፈለገ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። አልሙኒየም ሲግል ይለሰልስና ፍቅፋቂው ቢቱ ላይ እንደ ማስቲካ ይጣበቃል። አንዴ ከተጣበቀ ቢቱ መቁረጡን ትቶ መጎተት ይጀምራል፤ ወይ ራሱ ይሰበራል፣ ወይ የሚቆረጠውን ይነቅለዋል። ስለዚህ በስሱ እየላጡ፣ በላይ በላዩ እያራሱ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ በላምባ ሞከርን፤ ሽታው አስሎ ሊገድለን ደረሰ፣ ዕቃውም ጨቀየ። በኋላ ቁስል የሚጠረግበት የፋርማሲ አልኮል ተስማማን። ያቀዘቅዛል፣ ወዲያውም ተንኖ ይጠፋል። ችግሩ ክፍሉን መጠጥ መጠጥ ማሸተቱ ነው።

መጠጥ በተከለከለበት ከተማ አልኮል የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ይዞ ሰፈር መግባት ምን እንደሚያስወራ ለእናንተ አይነገራችሁም። ዓብዲከሪም ደግሞ ከምንም በላይ የሚፈራው የሰው አፍ ነበር። ስለዚህ አልኮሉን ዋሄን ገበያ ካለ ፋርማሲ ይገዛና ክፍሉ ገብቶ ሃይላንድ ላይ፣ ማለት የውሃ ፕላስቲክ ላይ ይገለብጠዋል፤ ክዳኑን በሚስማር ቀዶ በዚያ ይረጫል። ጠርሙሶቹን ከነጽሑፋቸው ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ይደብቃቸዋል። ሲሠራ በርና መስኮት ይዘጋል። እኔ አንድ ቀን፣ ምን ያስደብቅሃል፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተህ ለብረት ነው ብለህ አሳያቸውና ተገላገል ብዬው ነበር። «አቦ ኸይሩ፣ ሰው አንዴ ማስረዳት ከጀመረ ዕድሜ ልኩን ሲያስረዳ ነው የሚኖር» አለኝ። ይኸው ዛሬ እሱን ተክቼ የማስረዳው እኔ ሆንኩ።

ሟች ጠጥቶ ያውቃል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ በፍጹም ብያለሁ። ጫት እንኳ አይቅምም። ድሬዳዋ ለሠርግ አብረን ሄደን፣ ማንም ዞር ብሎ በማያየን ቦታ፣ ያዘዘው አምቦ ውሃ ነው። እኔም አልጠጣም፣ ለማንም አጠጥቼ አላውቅም። አበሻ ስለሆንኩ ብቻ አረቄ ኪሴ ውስጥ ያለ የሚመስለው ሰው ካለ ኪሴን ይፈትሽ።

ሐሙስ ዕለት ይቆርጥ የነበረው ለሙልኪ የጥልፍ ማሽን የሚሆን ክንድ ነው። ሙልኪ ዋሄን ገበያ ልብስ ሰፊ ናት። የማሽኗ ክንድ ተሰብሮ መለዋወጫው ጠፋባት። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ከዚያ ዒድ ነው፤ ሰፊ በዒድ ካልሠራ መቼ ይሠራል? ዓብዲከሪም የተሰበረውን ለካና ከወፍራም አልሙኒየም እቆርጥልሻለሁ አላት። የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግደን ገባንና በሩን ዘጋን። መነጽሩን አድርጓል። ማሽኗ ዙሪያውን ቆርጣ ልትጨርስ፣ ክንዱን ከተቀረው አልሙኒየም ጋር አንድ ትንሽ ምላስ ብቻ ይዞት ቀረ፤ እሷን ምንጊዜም በኋላ በመጋዝ ነው የምንቆርጣት። ዓብዲከሪም ሃይላንዱን ይዞ እያራሰ፣ ጎንበስ ብሎ ያያል። በዚህ መሀል የማሽኗ ድምፅ ተለወጠ፤ ታፏጭ የነበረችው መጮህ ጀመረች። ፍቅፋቂው ተጣብቋል ማለት ነው። ሊያጠፋት እጁን ሲዘረጋ ቢቱ የሚቆረጠውን ክንድ ነከሰው፣ ከምላሱ ገነጠለውና ወረወረው። ከግራ ጆሮው በላይ መታው። ዓብዲከሪም ከነሃይላንዱ ወደ ኋላው ወደቀ፣ አልኮሉ አንድም ሳይቀር ደረቱና አንገቱ ላይ ተደፋ።

ደም አልወጣም። ሳጅን፣ ይህችን ከሥሯ ያስምሩልኝ። ደም ቢወጣ ኖሮ ሰው ሁሉ ያምነኝ ነበር።

ማሽኗን አጥፍቼ አነሣሁት። ሳቀ። የሙልኪ ማሽን ሳይሰፋልኝ በጥፊ መታኝ ብሎ ቀለደ። ውሃ ጠጣ። ክንዱ የገባበትን ሊፈልግ ከመደርደሪያው ኋላ እንኳ ጎነበሰ። ጥቂት ቆይቶ ራሴን አመመኝ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ንግግሩ ይጎተት ጀመር፤ የጀመረውን ቃል አይጨርሰውም። ልነሣ ብሎ ሲቆም ግድግዳው ላይ ተደገፈ፣ አስታወከ። አገሬ ሳለሁ የግንባታ ሥራ ላይ ከመወጣጫ የወደቀ ልጅ አይቻለሁ። ተነሥቶ፣ ከእኛ ጋር ስቆ፣ ምሳውን በልቶ፣ ትንሽ ጋደም ልበል ብሎ በዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ራሱን የተመታ ሰው ሲያንቀላፋ መተው እንደሌለበት አውቃለሁ።

ደግፌው መንገድ አወጣሁት። ሰዓቱ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ጫት የያዘበት ነው፤ ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም። የመጣው ባጃጅ ቆመ፤ ልጁ አንገቱን አውጥቶ አሸተተና «ኸምሪ!» አለ፣ መጠጥ ማለቱ ነው፤ ጥሎን ሄደ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ልብሱን ላወልቅለት ሞከርኩ፣ ሸሚዙን ጥርቅም አድርጎ ይዞ እምቢ አለኝ፤ መንገድ ላይ ራቁቱን መቆም አፍሮ ነው። አጠገባችን ቤት እየተሠራ ነበርና የአሸዋ መግፊያ የእጅ ጋሪ ነጥቄ እሱ ላይ አስቀመጥኩት። ያንን ነው ሰው በስልኩ የቀረጸው። እግሩ ተንጠልጥሎ፣ አንገቱ ወድቆ፣ እኔ እየገፋሁ እየጮህኩ። ልጆች ከኋላችን ያጨበጭቡ ነበር። ቪዲዮው ማታውኑ ከተማውን አዳረሰ ሲሉ ሰምቻለሁ። የሳቀውን ሁሉ አላህ ይየው።

ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ስሙን ለሳጅን ለብቻቸው ነግሬያለሁ። ዘበኛው ከበር መለሰን። ራሱን ተመቶ ነው፣ ልብሱ ላይ የፈሰሰው የፋርማሲ አልኮል ነው አልኩ። የታለ ጠርሙሱ አለኝ። ምን ላሳየው? ጠርሙሱ ወተት ጣሳ ውስጥ ተደብቋል፤ በእጄ የነበረው ምንም ያልተጻፈበት ሃይላንድ ነው። አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ብቅ ብሎ አየውና «በጎኑ አስተኛው፣ ሲነቃ ያልፍለታል» ብሎኝ ገባ። ግንቡ ሥር ጥላ ላይ አስቀመጥኩት። እንዳይተኛ ፊቱን እየመታሁ ስሙን እጠራለሁ። ዓይኑን ገልጦ አወቀኝ። ከዚያ ቀኝ ጣቱን አንሥቶ ላ ኢላሃ ኢለላህ አለ፤ ቃሉ ቢጎተትም እስከ ሙሐመዱን ረሱሉላህ ጨረሰው። ዘበኛው ሰካራሙ ሰለመ ብሎ ሳቀ። እጄን ላነሣበት ነበር፤ ዓብዲከሪምን የያዝኩበት እጅ ባይሆን ኖሮ እመታው ነበር። ይህም ይጻፍ።

ለወንድሙ ለዓብዲራሕማን ደወልኩለት። ዓብዲራሕማን የሟች ታላቅ ወንድም ነው፤ ዋሄን የጨርቅ ሱቅ አለው፣ መኪናም አለው። ቶሎ ነው የመጣው። ከመኪናው ሲወርድ ሽታው ተቀበለው። ፊቱ ተለወጠ፤ እኔን በጥፊ መታኝ። ትከሻው ላይ የነበረውን ሻርፕ አውልቆ የወንድሙን ፊት ሸፈነና መኪናው ውስጥ አስተኛው። ትልቁ ሐኪም ቤት ውሰደው፣ ራሱን ተመቷል፣ እንዳይተኛ እያልኩ በሩን ይዤ ለመንኩት። «ራሱን ያልተመታ ሰካራም የታለ?» አለኝ። ሐኪም ቤት ወስጄ ስሙን ላስጽፍ? እናቴን ልግደላት? እያለ ነዳው። የሄደውም እናታቸው ወዳሉበት ወደ ቤቱ ነው፤ ሰው እንዳያይ በኋላ በኩል ዞሮ።

ለምን ተከትለህ አልተናገርክም ተብዬ ለተጠየቅሁት፣ ተከትዬዋለሁ፤ በሩጫ። በራቸው ላይ ቆሜ የእናቱን ስም እየጠራሁ ጮኼያለሁ። «ሆዮ ሳህራ! ልጅሽ ሊሞት ነው!» ብያለሁ፤ ሆዮ እናት ማለት ነው፣ እንደ እሱ ነው የምጠራቸው። ከግቢው ማንም አልወጣም። የወጡት ጎረቤቶች ናቸው፤ ቪዲዮውን አይተዋል፣ አጠጪው ይኸው ብለው ያዙኝና እዚህ ጣቢያ አስረከቡኝ። እዚህም ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ያን ጊዜ የጻፈው ሰው አልነበረም።

መሞቱን የሰማሁት ዓርብ ከጁምዓ በፊት ነው። ከሶላቱ በኋላ ቀበሩት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ፤ ይህ ከጥፊውም ከእስሩም ይበልጥ ያቃጥለኛል።

ዛሬ ጠዋት ዓብዲራሕማን እዚህ መጣ። ሊሰድበኝ መስሎኝ ነበር። ዳቦና ሻይ በፔርሙስ ይዞልኝ ነው የመጣ። በሩ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። እንዲህ አለኝ፦ ኸይሩ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሱም ትልቅ ሰው ነው፣ አንተ በግድ አልጋትከውም። ሐሙስ ቤት አስገብቶ ጫማውን እንዳወለቀለት፣ ልብሱን እንደቀየረለት፣ አልጋው ላይ እንዳስተኛው ነገረኝ። እናታቸው ምን ሆኖ ነው እያሉ ሊገቡ ሲመጡ፣ ትኩሳት አለው፣ ተኝቷል ብሎ መግቢያው ላይ ተቀምጦ ከለከላቸው። ሲያንኮራፋ ሰማና ደስ አለው፤ እሰይ፣ እንቅልፍ ከወሰደው ይለቀዋል ብሎ። ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ሊቀሰቅሰው ሲገባ ቀዝቅዞ አገኘው። ሲያጥቡት ከጆሮው በላይ አብጦ አይቷል። አጣቢው የሬሳ ነገር አይወራምና ዝም አለ፤ ዓብዲራሕማን ራሱም ወንድሙ ሰክሮ የወደቀ መሰለው። አንተ ጋ ነው የወደቀ? ብሎ ጠየቀኝ።

ለቀብር የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር እንደሆነ፣ ለተዕዚያ፣ ለለቅሶ ማለት ነው፣ ሴቶቹም እየገቡ በቶሎ እንደሚወጡ ነገረኝ። ሆዮ ሳህራ ልጄ ምን አድርጎ ነው ሰው የራቀን ብለው ይጠይቁታል። ስልካቸውን ደብቆባቸዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከተማው ያወቀውን እሳቸው ብቻ አላወቁም። በመጨረሻ፣ ቢያንስ ሸሸግኩት፣ ቢያንስ እናቴ እንደዚያ ሆኖ ሳታየው ሄደ፣ አለኝ። ይህችን ነው እንደ መጽናኛ የያዛት። ዳቦውን ተቀበልኩት። ሱብሓነላህ፣ ምን እለዋለሁ? ያንኮራፋው እንቅልፍ ወስዶት አይደለም፣ ነፍሱ እየወጣች ነው ልበለው?

እሱ ከወጣ በኋላ ሳጅን ዓብዲቃኒ ኮድቡር ሄደው ክፍሉን ፈትሸው መጡ። የወተት ጣሳውን ከነጠርሙሶቹ፣ የተሰበረውን ቢት፣ ከመደርደሪያው ኋላ የወደቀውን ክንድ በኤግዚቢትነት አምጥተው አሳዩኝ። እነዚሁ ናቸው ብዬ አረጋግጫለሁ። ክንዱ ላይ የሟች ፀጉር ተጣብቆ እንዳለ ሳጅንም አይተዋል።

ቃሌ ተነቦልኛል። ሳጅን ሲያነቡ ስለ ማንኮራፋቱ የተጻፈው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው፣ ይህች ትውጣ ወይ? ብለው ጠየቁኝ። ትውጣ ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዓብዲራሕማን ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ይወዳል። ይህን ወረቀት ሲሰማ ወንድሜን በእጄ ቀበርኩት ብሎ ነው የሚያስበው፣ አይሳሳትምም። ካልሰማ ደግሞ ዓብዲከሪም ሰካራም ተብሎ ይቀራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ልጃቸው በአፉ ሸሃዳውን፣ ያን የእምነት ቃል፣ ይዞ እንደሄደ ሆዮ ሳህራ ሳያውቁ ይኖራሉ። ጠርሙሱ ተደበቀ፣ ፊቱ ተሸፈነ፣ እብጠቱም ዝም ተባለ። ከፊተኞቹ ሁለቱ አንዱ እንኳ ቢገለጥ ዛሬ በሕይወት ነበር። እኔ ደግሞ አራተኛ ሸፋኝ ልሁን? አትውጣ፣ እንዳለች ትሁን ብያለሁ።

አንድ ልመና አለኝ። ይህ ቃል ለዓብዲራሕማን ሲነበብ ብቻውን አይሁን፣ በሰው ፊትም አይሁን፤ እኔ አጠገቡ ልቀመጥ ይፈቀድልኝ። ቢመታኝም ልመታ። አሁን ተመልሶ መጥቶ ከዚህ ክፍል ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ በሩ ሲከፈት አይቼዋለሁ። ፖሊስ ጠርቶት አይደለም፤ እኔ እንድፈታ ዋስ ሊሆነኝ ነው የመጣው።

ከላይ የሰፈረው ሁሉ የእኔ ቃል ነው፤ ማንም አላስፈራራኝም፣ ማንም አላባበለኝም። በሙሉ እውነት ነው። ውሸት ቢሆን ምንኛ በወደድኩ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ ኸይሩ ሸምሱ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ሳጅን ዓብዲቃኒ ፋራሕ